የጥላዎቹ ድምፅ

«አድማስ» በተባለችው መርከብ ላይ ጥላዎቹ ዛሬም ሲመርጡ አረፈዱ። ጥላ የአንድ ነዋሪ አእምሮ ግልባጭ ነው፤ እንደ ባለቤቱ ያስባል፣ እንደ ባለቤቱም ይቀየማል። የትርሲት ሥራ አራት የአመራረጥ ስልቶችን በጥላዎቹ ላይ ሞክራ የትኛው ጥቂት ሰው እንደሚያስከፋ መፍረድ ነው፦ ብዙ ድምፅ ያገኘ ሁሉን የሚወስድበት፣ ወንበር በድምፅ ልክ የሚከፋፈልበት፣ መራጩ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል የሚደረድርበት፣ አራተኛው ደግሞ ዕጣ። መርከቧ ላይ ሰው ስለማይበቃ ትርሲት ራሷም ለሸንጎው ዕጩ ነበረች።

ችግሩ የአራቱም ውጤት እኩል መሆኑ ነው። በውጤቱ ረክታችኋል ወይ ሲባሉ፣ የተሸነፉት ሳይቀሩ፣ ደስ ብሎናል፣ ምን ጎደለን ይላሉ። ትርሲት ጥላዎቹን የገለበጠውን ማሽን ስትጠረጥር ከርማ በመጨረሻ ሳቀች። ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ ሰዎቹን ከነይሉኝታቸው ነው የገለበጣቸው። ይሉኝታውን አጠፋችና እንደገና አስመረጠቻቸው።

አሁን ጥላዎቹ የሆዳቸውን ዘረገፉት። ቅደም ተከተሉ ከሁሉም ጥቂት ሰው አስከፋ። ትርሲት ግን ከዕጣው በቀር በአንዱም አላለፈችም። ጎረቤቱ ይክዳታል እንበል፤ ባሏ ልዑልሰገድስ? ክልክል መሆኑን እያወቀች የእሱን ጥላ ድምፅ ከፈተች። መጨረሻ ላይ አስቀምጧታል፣ ሰላም እንኳ ከማይለው ሰው በታች።

«ለምን?» አለችው ጥላውን።

«ሰው የሚልሽን ሰምተሽ አታውቂማ» አለ ጥላው በረጋ ድምፅ። «አሁንም አልሰማሽም። ድምፅህን ማንም አያይም ብለሽ ስለማልሽልኝ አይደል ጥላዬን የሰጠሁሽ?»

ትርሲት ተከድቻለሁ ልትል ነበር፤ ግን ቀድማ የከዳችው እሷ ነበረች። ዕጣው ይሻላል ብላ ብትልክ ማንም አያውቅም። ለአፍታ አሰበችው፣ እንዲያውም መጻፍ ጀምራ ነበር። ከዚያ አጠፋችውና እሷን የሚጥላትን ቅደም ተከተል ለሸንጎው ላከች።

ቤት ስትደርስ ልዑልሰገድ መስታወት ፊት ቆሞ ስሟ የተጻፈበትን የምርጫ ምልክት ደረቱ ላይ እየሰካ ነበር።

«ድምፄ ያንቺ ነው፤ ታውቂያለሽ» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው፣ ኮሌታውን እያስተካከለችለት።