የተበላሸው ፊልም

ተዋናዩ ቃዲር ባክሽ ለፊልም ቀረጻ በሸራና በቀለም በተሠራው ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ ሦስት ቦታ ተወግቶ ተዘርግቷል። ፊልም መናገር በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ቦምቤይን በዘፈኑ ያሳበደ ሰው ነበር። ሲወጋ ሃያ ሰው ቆሞ አይቷል፤ ትወና መስሎት ያጨበጨበም አልጠፋም።

ኢንስፔክተር ፊሮዝ ካንዳዋላ ደሙን ተሻግሮ ገባ። የትወና ዕቃዎች ጠባቂው ሽማግሌ ቱካራም እጁ በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«በልጆቼ እምላለሁ ጌታዬ! እኔ የሰጠሁት የእንጨቱን ጩቤ ነው።»

«ለማን?»

«ለኩሱም፣ በሐር ጠቅልዬ።»

ተዋናይቷ ኩሱም ፊቷን ቅጭም አድርጋ መለሰች። «ሳልፈታው ለማስተር ናርሃሪ አቀበልኩት። የፊልሙ ጽሑፍ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ትናንት ሟቹን በጥፊ መተሽዋል አሉ።»

«ይገባዋል! አሁንም ቢነሳ እደግመዋለሁ።»

ጩቤው በሦስት እጅ አልፏል፤ የእንጨቱን በብረት የቀየረው ከሦስቱ አንዱ ነው። የፊሮዝ አለቆች ግን ድሃውን መርጠዋል። ቱካራም ነገ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ መጨረሻው ገመድ ነው። ፊሮዝን ይህ አንገበገበው።

ወጊው ማስተር ናርሃሪ ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን አሥራ ሁለት ዓመት ጀግና ነበር። ድምፅ ሲመጣ «የታነቀ ዶሮ ይመስላል» ተባለና ቃል የሌለው የገዳይ ሚና ተሰጠው፤ የጀግናውን ቦታ ቃዲር ወሰደው። አሁን የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ሲመጣ ሬሳው ላይ ተደፍቶ አነባ። ፊሮዝ ጠጋ አለ። ሰውየው እንባውን እያወረደ፣ ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ ፎቶ አንሺውን «ቶሎ በል እንጂ፣ ጉልበቴን አመመኝ» ይላል።

«ሁልጊዜም እንዲሁ ነው» አለች ኩሱም። «ድሮ አቅፎኝ የፍቅር ትዕይንት ስንሠራ በጆሮዬ ስለ ዓሣ ወጥ ያወራኝ ነበር። ያኔ ማን ሊሰማን!»

ፊሮዝ በቀጥታ ወደ ድምፅ ቀራጩ ዴሳይ ሄደ።

«ማይክሮፎኑ የት ነበር?»

«ደረጃው ላይ፣ አበባ ማስቀመጫው ውስጥ። ድምፁ የተቀረጸበት ፊልም ግን በጩኸቱ ተበላሽቷል ጌታዬ፣ ልጥለው ነበር።»

«እንዳትነካው! አጥበህ አምጣልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«ቱካራም ወይም ኩሱም ቀይረውት ቢሆን ኖሮ ናርሃሪ የወጋው ሳያውቅ ነው። ሳያውቅ የወጋ ሰው ደግሞ ብረት ሥጋ ውስጥ ሲገባ እጁ ይነግረዋል፤ ይደነግጣል። እርስዎ ግን፣ ማስተር ናርሃሪ፣ ሁለቴ ደገሙ።»

«ደራሲው ሦስት ብሎ ነው የጻፈው!» አለ ናርሃሪ። «ደሙም ሸሚዙ ውስጥ የምንሰፋው ቀለም መሰለኝ።»

«ይሁን። እጅዎ ጽሑፉን አክብሯል። አፍዎ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልማዱን አልተወም። ዴሳይ፣ ክፈተው።»

ማሽኑ ተንሿሿ። ከዚያ ለስላሳ ሹክሹክታ አዳራሹን ሞላው። «ይህ እንጨት አይደለም፣ ቃዲር። እስቲ አሁን ዝፈን።» ጩኸት ተከተለ፤ ሦስት ጊዜ።

ኩሱም ጆሮዋን ይዛ ጮኸች። ናርሃሪ አልካደም፤ አልሸሸምም። ዓይኑ ማሽኑ ላይ ቀረ።

«ይሄ... የኔ ድምፅ ነው?»

«ያንተው ነው!» አለ ዴሳይ። «በድምፅ ፈተናው ቀን ለምን ጮህክብኝ? እንዲህ ቀስ ብለህ ብትናገር ኖሮ ጀግናው አንተ ነበርክ።»

ፊሮዝ ካቴናውን ከቱካራም እጅ ፈትቶ ናርሃሪ ላይ አጠለቀው። ሽማግሌው የተላጠ አንጓውን እያሸ ማልቀስ ጀመረ።

ናርሃሪ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ዴሳይ፣ በሞቴ፣ አንዴ ድገምልኝ።»

ዴሳይ ማሽኑን ዘጋው።