ዳሱን የዘረጋው ቤት

ቤቱ ማለዳ ማለዳ ክንፉን ዘርግቶ ጤዛ ይለቅማል። ክንፍ የሚሉት ከጣሪያው ላይ እንደ ሰሌን የሚዘረጋውን ስስ ሸራ ነው። ሌሊት የተኛበትን ውርጭ ፀሐይ ሳትነጥቀው አቅልጦ ወደ በርሜሉ ያወርደዋል። የሺመቤት በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የጠብታውን ድምፅ ታዳምጥ ነበር።

ጠብታው አንድ ቀን እንደሚቆም ታውቃለች። ወይ ሸራው ይቀደዳል፣ ወይ በርሜሉ ይሰነጠቃል፣ ወይ ሁለቱም በአንድ ቀን ይመጣሉ። ያኔ እሷና ልጇ ፍሬሰላም ውርጭ አምባ ላይ ደርቀው ይቀራሉ። ይህን በየጉዞው ታስበዋለች። ሌላው ሰው ጉዞ ሲጀምር ስንቁን እንደሚያየው፣ እሷ መሞቻዋን ታያለች።

ውርጭ አምባ ዝናብ ከከዳው ወዲህ በረሃ የሆነ ደጋ ነው። ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ማታ ብርዱ ጣት ያደርቃል። ሰው ወደዚያ የሚወጣው ለሰማዩ ብሎ ብቻ ነው። አየሩ ጥርት ያለ ስለሆነ ጀምበር እንዳዘቀዘቀች ትልቁ መስታወት ያለ መሣሪያ ይታያል። ትልቁ መስታወት ከምድር በላይ እየዞረ የፀሐይን ብርሃን ለከተሞች የሚያቀብል፣ ሰው የሠራው ኮከብ ነው። የየሺመቤት የበኩር ልጅ ባሮክ እዚያ ላይ ሆኖ ስንጥቁን ይጠግናል። ስለዚህ በየዓመቱ በበጋው ወራት እናትና ልጅ በቤተ-ጎማቸው፣ ማለትም ራሱ እየነዳ ራሱ እያበሰለ በሚጓዘው ቤታቸው፣ ወደ አምባው ይወጣሉ። ኮከቡ ሰማዩን አቋርጦ እስኪያልፍ ድረስ ከባሮክ ጋር በሬዲዮ ይጫወታሉ።

ትናንት ኮከቡ አለፈ። የባሮክ ድምፅ ግን አልመጣም።

ቤቱን የሚመራው አእምሮ አጋፋሪ ይባላል። እንደ ድሮ የትልቅ ቤት አጋፋሪ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያውቀው እሱ ነው። አንቴናው ላይ አቧራ ተኝቶ ነው ብሎ ነገራት። መሰላሉን ወጥታ በነጠላዋ ጫፍ ብትጠርገው ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወረደ። ወደ ከተማ እንውረድ ብትለው ደግሞ ሞተሩ ግሏል አላት። እጇን ብታኖርበት ብረቱ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። ወደ ውስጥ ገባች።

የሺመቤት ክፉውን ቀድማ የምታይ ሴት ናት። ባሮክ ልጅ ሳለ ዛፍ ላይ ሲወጣ ወድቆ፣ ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ይታያት ነበር። መስታወቱ ላይ ከሄደ በኋላ የልብሱ ስፌት፣ የወገቡ ገመድ፣ የአየሩ ቱቦ፣ ሁሉም በሐሳቧ ውስጥ ተራ በተራ ተበጥሰዋል። እሱ ግን ይስቅባታል። «እማዬ፣ ይኸው ስንት ጊዜ ቀበርሽኝ፤ ተስካሬ ላይ እንኳ አንድ ቀን ብትጠሪኝ ምናለ?» ይላት ነበር።

አሁን ግን ሐሳቧ ወደ እሱ አልሄድ አለ። ወደ በርሜሉ ይሄዳል፣ ወደ ሞተሩ ይሄዳል፣ ወደ አንቴናው ሄዶ ይመለሳል። እጆቿ ጭኗ ላይ ሰው አስቀምጦ የረሳቸው ዕቃ ይመስላሉ።

ከሰዓት በኋላ ፍሬሰላም ድንጋይ ለቅማ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። ቤቱ ዳሱን በአራቱም ጎን ዘርግቶታል። ከሆዱ ውስጥ የታጠፉትን አግዳሚዎች አውጥቶ ደርድሯል።

«እማዬ፣ ሠርግ አለ እንዴ? ለኔ ከሆነ ሙሽራውን ቀድማችሁ ንገሩኝ።»

አጋፋሪ ነፋስ ስለሚመጣ ነው አለ። ፍሬሰላም አልለቀቀችውም፤ ነፋስ ሲመጣ ዳስ ይሰበሰባል እንጂ የት አገር ነው የሚዘረጋው ብላ ተከራከረችው። ይሄ ቤት ጃጅቷል፣ ከተማ ስንገባ እንለውጠው ብላ ወደ ድንጋዮቿ ተመለሰች። የሺመቤት አግዳሚዎቹን አየቻቸው። ለሁለት ሴቶች ብዙ ነበሩ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ኮከቡ ወጣ። እንደ ወትሮው ደምቆ፣ እንደ ወትሮው ሳይቸኩል አለፈ። ሬዲዮው ትንሽ ሿ ብሎ ጸጥ አለ። ፍሬሰላም፣ ባሮክ ሥራ ላይ ነው ወይ እንቅልፍ ጥሎታል እያለች ትነግራታለች፤ የሺመቤት ራሷን ትነቀንቃለች። ወደ ማድቤቱ ገብታ ውሃ ልትቀዳ ስትል ትልቁ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ስንዴና ሽምብራ ተዘፍዝፎ አየች። እሷ አላዘዘችም። ቆማ ተመለከተችው። ከዚያ ልጇ እንዳታየው በክዳን ሸፈነችው። ለምን እንደሸፈነችው ራሷን አልጠየቀችም።

ወገግ ሲል የተቀቀለ ስንዴ ሽታ ቀሰቀሳት። ልጇ በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች። የሺመቤት በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ወጣችና ዳሱ ሥር ካሉት አግዳሚዎች በአንዱ ተቀመጠች። ስትቀመጥ አስታወሰችው። መጨረሻ የተቀመጠችበት በባሏ በወንድይራድ ለቅሶ ነበር።

ወንድይራድ የሞተ ቀን እሷ በዚሁ ቤት ውስጥ ብቻዋን መንገድ ላይ ነበረች፤ ሽንኩርት እየላጠች። መልእክቱ ሲደርስ አጋፋሪ የአየሩን ጠባይ በሚናገርበት ድምፅ አነበበላት። ቢላዋውን እንደያዘች ብዙ ቆየች። ለቅሶው አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ ቁጭ ብላ አስተማረችው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም አለችው፤ ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም። ዘመድ ይጠራል፣ ዳስ ይጣላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ሐዘንተኛው እህል እንዲቀምስ ይደረጋል። ከዚያ ማለዳ በሽማግሌ አፍ ይረዳል። እስከዚያ ድረስ ግን ትዋሻለህ አለችው። አጋፋሪ እሱን የመሰለ ነገር መዋሸት እንደማይችል ገልጾላት ነበር። «ተማር» ብላው ተነሣች።

በስተምዕራብ፣ መንገዱ አምባውን በሚወጣበት በኩል፣ አቧራ ተነሥቷል። አንድ አይደለም፤ ብዙ መኪና ተከታትሎ ሲሄድ የሚነሣ ረጅም አቧራ ነው።

«እነማን ናቸው?» አለች በዝግታ።

«ወንድምዎ አቶ ይርዳው ናቸው፣ እትዬ። የዕድሩም ሰዎች አሉ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር መንገዱን እየወጣ ነው። ፍርሃቷ ግን ጥሏት ሄዷል። ያ ሁሉ ዘመን የፈራችው ለምን እንደነበር እንኳ ማስታወስ አቃታት።

«አጋፋሪ፣ ልጄ ባሮክ...»

«እትዬ፣ እህል አልቀመሱም» አላት።

ገብታ ከዳቦው ቆርሳ ወጣች። አኘከችው። እንደ ወረቀት ነበር፤ ዋጠችው። ሁለተኛም ቆረሰች። አጋፋሪ ቆይቶ ተናገረ፤ ድምፁ ዝግ ያለ ነበር።

«አንቴናው አቧራ የለበትም። ሞተሩም አልጋለም። ይህን ካልኩ ጀምሮ ከብዶኛል። እናንተ እንዴት ትችሉታላችሁ?»

የሺመቤት አቧራውን አየች።

«አንችለውም» አለችው። «ለዚህ ነው ተሰብስበን የምንመጣው።»

በሩ ተከፈተና ፍሬሰላም ዓይኗን እያሸች ብቅ አለች። ፀጉሯ በአንድ ጎን ተጣብቋል። የጋቢዋ ጫፍ መሬት ይጎትታል። ወደ ምዕራብ ዞራ አየች።

«እማዬ፣ ያ ምንድነው?»

የሺመቤት ተነሥታ በአቧራውና በልጇ መካከል ቆመች። አፏ ራሱን ችሎ ሲናገር ሰማችው፤ ድምፁ የዘወትር ማለዳ ድምፅ ነበር።

«ነፋስ ነው። ይልቅ ግቢና ቁርስሽን ብዪ።»

«አልራበኝም።»

«ትንሽ ቅመሺ፤ ለኔ ስትዪ።»

«አጋፋሪ፣ እውነት ነፋስ ነው?» አለች ፍሬሰላም።

የሺመቤት እጇን በበሩ ብረት ላይ አኖረች።

«ነፋስ ነው» አለ አጋፋሪ። «ሻዩ ደርሷል።»

ፍሬሰላም እያዛጋች ገብታ ተቀመጠች። ዳቦውን ቆርሳ ሻይ ውስጥ ነከረችው። ቤቱ ስለ ነፋስ አንድ ቀን እንኳ እውነት ተናገረ ብላ ቀለደች። ኮከቡ ዛሬ ማታ ሲያልፍ ባሮክን እንቅልፋም ብላ እንደምትሰድበው ተናገረች። እናቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ አፏን እያየች አንድ ቁራሽ ጨመረችላት፣ ደግሞ ሌላ።

ውጭ መኪኖቹ አንድ በአንድ ሞተራቸውን እያጠፉ ቆሙ። በራቸውን ግን የከፈተ ሰው አልነበረም። አጋፋሪ መስኮቱን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ልጅቱ ገና እየበላች ነበር።