መንታ ሰዓት

ሙስጠፋ ሰዓቱን መጀመሪያ ያየው ካዛንቺስ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። ሃያት ማኪያቶዋን ልታማስል እጇን ስትዘረጋ የሹራቧ እጅጌ ሸሸና ትልቅ የወንድ ሰዓት ብቅ አለ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«አያምርም?» እጇን አቀረበችለት። «ክሮኖግራፍ ነው፣ ሰከንድ የሚቆጥር። የድሮ የውድድር መኪና አስመስለው ነው የሠሩት። ፊቱን እየው፣ ቁርጥ ዳሽቦርድ! በዓለም ላይ አምስት መቶ ብቻ ነው ያለው። ኤርሚ ከውጭ ይዞልኝ መጣ።»

ሙስጠፋ ስኒውን አስቀመጠ።

«እኔ የሰጠሁሽስ?»

«እሷ ቀጭን ናት፤ መኪና ውስጥ ሰከንዷ አይታየኝም። ማለቴ፣ ይሄ ለውድድር ነው።»

ሃያት በሥራ ቀን ስታዲየም አካባቢ ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች። እሁድ እሁድ ግን የመኪና ራሊ ውድድር ናቪጌተር ናት፤ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ የሚመጣውን መታጠፊያ አስቀድማ ትነግረዋለች። ሹፌሩ ኤርሚ ነው። ሙስጠፋን የተዋወቀችው ወሎ ሰፈር ካለው የመጋረጃ ሱቁ ለእናቷ ሳሎን መጋረጃ ልትገዛ ገብታ ነው። ቀለም መርጣ ሳትጨርስ ልቡን ወሰደችው። ሽማግሌ ላከ፣ ቤተሰብ ተስማማ፣ የኒካሑም ቀን ተቆረጠ።

ከካፌው በኋላ ግን እንቅልፍ አጣ። በሳምንቱ ሊወስዳት ቂርቆስ፣ መኪናው የሚዘጋጅበት ጋራዥ ሄደ። ኤርሚ «ሰላም ነው ብሮ?» ብሎ እጁን ሲዘረጋለት ያው ሰዓት እጁ ላይ ነበር። የሰዓቱ ፊት ላይ ተራ ቁጥር ሰባ ሁለት ይላል። የሃያት ሰባ ሦስት ነው።

መኪና ውስጥ እስኪገቡ ታገሠ።

«መንታ ሰዓት ነው ያሰራችሁት!»

«አንድ ዓይነት ሄልሜትም አለን። በሄልሜቱ ለምን አልቀናህም?»

«በመካከላችሁ ምንም የለም?»

«የለም።»

«ወላሂ በይ።»

«ቃሌ ካልበቃህ መሐላዬ ምን ይጨምርልሃል?»

ላንቻ፣ ቤቷ ደጃፍ ሲደርሱ ወረደችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላጋው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ጋራዡ ሄደ። ኤርሚ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር።

«ትወዳታለህ?» አለው ሙስጠፋ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ።

ኤርሚ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እወዳታለሁ። ዋንጫ ያገኘን ቀን ነግሬያታለሁም። ‹ልቤ ወሎ ሰፈር ነው› አለችኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አንስቼው አላውቅም። ሰዓቱ ለዋንጫው ማስታወሻ ነው። ለእሷ ሌላ ትርጉም የለውም።»

«ላንተስ?»

ኤርሚ ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

ሙስጠፋ ደስ ብሎትም፣ ተናዶም፣ ቢሮ ሳትሄድ ሊደርስባት በቀጥታ ላንቻ ሄደ። በሩን የከፈቱለት እናቷ ወይዘሮ ዘሃራ ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ?»

«ደህና ነኝ፣ እማማ። ሃያትን ፈልጌ ነው።»

ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን ተዉአቸው።

«ኤርሚን አናገርኩት። እውነትሽን ነበር። አፉ በይኝ» አላት።

የጠበቀው ፈገግታ አልመጣም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ትናንት እኔ ‹የለም› ስልህ አላመንከኝም። ዛሬ እሱ ‹የለም› ሲልህ አመንከው። ታዲያ ከሁለታችን የምታገባው ማንን ነው?»

መሬት መሬቱን እያየ «እንደሚወድሽ ለምን ደበቅሽኝ?» አላት።

«እንዲህ እንደምትሆን ስለማውቅ። መደበቄ የእኔ ጥፋት ነው።» እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «እሁድ ውድድር አለ። አንድም ቀን መጥተህ አይተኸኝ አታውቅም።»

«ልምጣ?»

«ልታየኝ ከሆነ ና። ዘብ ልትቆምብኝ ከሆነ ግን ይቅር።»

እሁድ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ አንድ መታጠፊያ ላይ ከተመልካቹ ሰው ጋር ቆመ። መኪናዋ አቧራ አስነስታ በፊቱ ስታልፍ የሃያት ከንፈር ሲንቀሳቀስ ለቅጽበት አየ። በእግሩ የውድድሩ መጨረሻ ጋ ሲደርስ ከመኪናው ወርደዋል፤ እሷና ኤርሚ እጅ ለእጅ ተማትተው ይስቃሉ። ሻሿ አቧራ ለብሷል። እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። እግሩ ሂድ ሂድ አለው። ግን አልሄደም።

አየችውና ሰዉን ጥላ መጣች።

«ቀናህ?»

ውሸቱ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው።

«በጣም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ምንም።» ወደ መጣችበት መንገድ ጠቆመ። «እዚያ መታጠፊያ ላይ ስታልፉ እያወራሽ ነበር። ምን እያልሽው ነው?»

ፊቷ በራ። ከቤተሰቧም ሆነ ከቢሮዋ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ና፣ ላሳይህ!» እጁን ያዘችና በአቧራማው መንገድ ወደ ኋላ ይዛው ሄደች፤ ፍሬን የት እንደሚያዝ፣ ማርሽ የት እንደሚቀየር እያሳየችው፣ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ እያወራች።

ኒካሑ በተቆረጠለት ቀን ሆነ። ኤርሚን ሄዶ የጠራው ሙስጠፋ ራሱ ነበር፤ ትንሽ እየቀና።