የጀርባ ቅባት

የቆዳ በሽታ ተመራማሪው ረፋዱ ላይ ሆስፒታሉ ውስጥ በቢሮው ጠረጴዛ ላይ ሞቶ ተደፍቶ ሲገኝ፣ የሁሉም ዐይን ያረፈው ግማሹ በተጠጣው የሻይ ብርጭቆ ላይ ነበር። ሻዩን ያቀረበችለት ነርሷ ናት። የኮሪደሩ ሹክሹክታም መርማሪዋ ሳትደርስ ፈርዶባት ጨርሷል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬ ነፍታ ገለባውን ስለምታስቀር። ቁመቷ አጭር ነው፤ ትዕግሥቷ ደግሞ ከቁመቷም ያጥራል።

«ከእሱ ጋር ምን ነበራችሁ?» አለቻት ነርሷን፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ።

«ሥራ ነዋ! ጋሼ አዲሱን የችፌ ቅባት ለበሽተኛ ከመስጠቱ በፊት በራሱ ገላ ላይ ይሞክራል። ጀርባው ላይ እጁ ስለማይደርስ የምቀባው እኔ ነበርኩ። ትናንት ግን ‹ከእንግዲህ ቤት ነው የምቀባው› አለኝ።»

«በጓንት ነበር የምትቀቢው?»

«ጋሼ ጋ ምን ጓንት አለ? ችፌ አይተላለፍም። ‹ሰው ሁሉ የሸሸውን በሽተኛ እኛም ከሸሸነው የት ይሂድ?› ይለን ነበር። ትልቁ ዶክተርም ቢሆኑ በባዶ እጃቸው ነው ቁስል የሚዳስሱት።»

ትልቁ ዶክተር የሟቹ አስተማሪ የነበሩ ሽበታም ሰው ናቸው። በሩ አጠገብ ቆመው አንገታቸውን ነቀነቁ። ተማሪያቸው ስሙ ከገነነ ወዲህ፣ የእሳቸውን በር የሚያንኳኳ ሰው ጠፍቶ ነበር።

በዚህ መሐል የሟቹ ሚስት እየሮጠች ገባች። ፊቷን ላብ አጥምቆታል፤ ትንቀጠቀጣለች። ነርሷን ስታይ ለቅሶዋ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

«አንቺ ነሽ የበላሽው!»

ይህን ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ነርሷ ስድቡን እንዳልሰማች ሆና ሁለት እጆቿን ያዘችና አነሳቻት። ሚስትየዋ ግን እጆቿን መንጭቃ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

«ጉድ ሆንኩ ዶክተር!» ብላ እጇን ዘረጋችላቸው።

ዶክተሩ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «አይዞሽ እህቴ፣ ጽኚ» አሉ፤ እጃቸው ግን ከኪሳቸው አልወጣም።

የአስከሬን ምርመራው ሻዩን ነፃ አወጣው። መርዙ የተገኘው ከሟቹ ጀርባ ላይ ነው፤ ቅባቱ ውስጥ ኃይለኛ የተባይ ማጥፊያ ተቀላቅሎ ነበር። ሚስትየዋ ያን ዕለት ጠዋት የቀባችው እሷ መሆኗን አልካደችም። ቀናተኛነቷን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ሴትዮዋ ባሏን ቀብራ እንባዋ ሳይደርቅ የመያዣ ትእዛዝ ወጣባት።

«መጀመሪያ ሁሉንም ሰብስቡልኝ» አለች መርማሪዋ።

የሟቹ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ሚስት ቀንታለች፤ እውነት ነው» ብላ ጀመረች። «ግን ቅባቱን ያሸችው በባዶ መዳፏ ነው። ላቡንና መንቀጥቀጡን ሐዘን ነው ብለን አለፍነው፤ ሐኪም ሲመረምራት ግን መርዙ እሷንም እንደነካት ታወቀ። መርዝ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በእጁ አያሸውም።»

«እንግዲያው ነርሷ ናታ!» አሉ ዶክተሩ።

«ነርሷ እነዚያኑ እጆች ይዛ አነሳቻት፤ ሁላችንም አይተናል። የሸሹት እርስዎ ነዎት። ዕድሜዎን ሙሉ የሰው ቁስል ሲዳስሱ ኖረው የሐዘንተኛ እጅ ለምን ፈሩ?»

«ደንግጬ ነው።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። በዚያ ሰዓት እኛ ሻዩ ላይ አፍጥጠን ነበር፤ እባቡ ቅባቱ ውስጥ እንዳለ የሚያውቀው፣ ቅባቱ ከዚህ ቢሮ ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት ያስገባው ሰው ብቻ ነው።» ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «እህቴ፣ ነርሷ ባልሽን እንደምትቀባ ማን ነገረሽ?»

«እሳቸው ናቸው» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «‹ጀርባውን የምታሸው ሌላ ሴት ናት፤ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?› አሉኝ። አንጀቴ አረረ። ከእንግዲህ ከእኔ ሌላ ማንም አይቀባህም ብዬ ቁም ስቅሉን አሳየሁት።»

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። ዶክተሩ የሷን ቅናት መሣሪያም መሸፈኛም አደረጉት፤ የራሳቸው ግን አመለጣቸው።

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ!» ሲሉ ጮኹ። «ቁስል መንካት ያሳየሁት እኔ! በሽተኛው ግን በሬን አልፎ ‹ያ ወጣቱ የታለ?› ይላል። እኔኑ ይጠይቀኛል! በየቀኑ እኔኑ!»

ይዘዋቸው ሲወጡ ሁለቱ ሴቶች ተፋጠው ቀሩ።

«ጠልቼሽ ነበር» አለች ሚስትየዋ።

«እኔም እቀናብዎት ነበር እትዬ» አለች ነርሷ። «ስቀባው የሚያወራኝ ስለ እርስዎ ብቻ ነበር።»

«የዚያን ቀንስ? ምን አለሽ?»

«ሻዩን ሳቀርብለት ብቻውን ይስቅ ነበር። ‹ሚስቴ ዛሬ በገዛ እጇ ቀባችኝ፤ ለካ ትወደኛለች› አለኝ።»

ሚስትየዋ ባሏ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።