በዝምታው ሰዓት የተነፈሰው ማነው

በአምባ ሦስት ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰዎች ለአንድ ደቂቃ ተኩል መተንፈስ ያቆማሉ። ከዚያ ይነሡና ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ቁርስ ይበላሉ። ማርስ ላይ፣ ዋሻ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ፊት ከመታጠብ የተለየ ነገር አይደለም። እንዲያውም ብርቁ ፊት መታጠብ ነው፤ ውሃው በልክ ነውና።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከሁለቱ የአየር ማምረቻ ማሽኖች አንደኛው የተቃጠለ ጊዜ ነው። መለዋወጫ የሚያመጣው መንኮራኩር ገና ከመሬት አልተነሣም፣ የቀረው ማሽን ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። ምክር ቤቱ ሦስት ቀን ተሰብስቦ ሲጨቃጨቅ፣ ወገባቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ዮጋ የሚያስተምሩት እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን አወጡ። የረጋ ሰው ጥቂት አየር እንደሚበቃው፣ ሁሉም ሰው ትንፋሹን ቢገራ ከአየሩ ሩቡን ማዳን እንደሚቻል ተናገሩ። ሌላ ሐሳብ ያለው ሰው ስላልነበረ ተስማሙ።

ከዚያ ወዲህ ሰፋሪው በደቂቃ ስድስት ጊዜ መተንፈስ ተማረ። ሰሐን ሲያጥብ በስድስት፣ ቧንቧ ሲጠግን በስድስት፣ ሲጣላም በስድስት። በስድስት ትንፋሽ መጣላት ስለማይመች ጠቡም ቀነሰ። እትዬ ደብሪቱ «ትንፋሽ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ተቀበሉት፣ ሲሄድ በደህና ሸኙት» ይላሉ። የጠዋቱ ዝምታ ደግሞ የዚህ ሁሉ ፈተና ነበር። ሰውነቱ የረጋለት ሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ትንፋሹን ይይዛል፤ ያልረጋለት አይችልም። ያልቻለ ሰው እንደ ሌባ እንደሚቆጠር ማንም በአፉ ተናግሮ ባያውቅም ሁሉም ያውቀዋል።

ዝምታውን የምትለካው ውዳላት ናት። በተዘጋው አዳራሽ መካከል ተቀምጣ፣ ሰው ከአየሩ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚወስድ የሚመዘግበውን መሣሪያ፣ ትንፋሽ ቆጣሪውን፣ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጣለች። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲይዝ መስታወቱ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ይላል። የቀኑ አየር ሁሉ የሚሰላው ከዚያ ቀጥ ካለ መስመር ተነሥቶ ነው።

ውዳላት ግን አንድ ነገር ደብቃለች። አርባ ሰከንድ ሲሞላ ደረቷ ይጨንቃትና በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ትስባለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አንድ ደቂቃ ደርሳ አታውቅም። መስመሩ አለመነቃነቁን እያየች የእሷ ትንፋሽ ትንሽ ስለሆነ ነው እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

አንድ ሰኞ ግን ለእሷ ልዩ ቀን ነበር። በአምባ ሦስት ልጅ የሚወለደው በፈቃድ ነው፤ ለአንድ ተጨማሪ ሰው የሚሆን አየር መትረፉ መረጋገጥ አለበት። ውዳላትና ባሏ ፈንታሁን አራት ዓመት ተራ ጠብቀዋል፣ እሷም ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ኢንጂነር ቢተው ፈቃዱን ከሰዓት በኋላ ሊፈርም ቀጥሯቸዋል። ለዚህ ቀን የጠራ መስመር እንዲኖራት ፈልጋ በማለዳ ቆጣሪውን ፈታ አጸዳች። ውስጡ ያለችውንም ያረጀች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ አውጥታ ባዲስ ተካች።

ዝምታው ተጀመረ። እስከ ሃያ ሰከንድ መስመሩ ቀጥ አለ። ከዚያ ዘለለ። ወረደ፣ እንደገና ዘለለ።

ውዳላት ክው አለች። መጀመሪያ የመጣላት ተያዝሁ የሚል ሐሳብ ነው። ግን እሷ ገና አልተነፈሰችም። ከድንጋጤዋ የተነሣ መተንፈሱንም ረስታዋለች። መስመሩ ግን ይባስ ብሎ ተራራና ገደል ሆነ። የአንድ ሰው፣ የአሥር ሰው ትንፋሽ አልነበረም። ቀና ብላ አየች። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል፣ ሁሉም የጻድቅ ፊት አለው። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ቢተው፣ አንዲት ጠብታ ውሃ የደፋን ሰው ስብሰባ ጠርቶ የሚወቅሰው ቢተው፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ሰው ሲበተን እትዬ ደብሪቱን ወደ መሣሪያ ክፍሉ ወስዳ መስመሩን አሳየቻቸው። አሮጊቷ ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ገላው ነው የሠራት፣ ያቺን ካርድ» አሉ። ጋሽ ገላው ከውዳላት በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቆጣሪውን ይዞ የነበረ፣ አሁን በሕይወት የሌለ ሰው ነው። «እኔ ነኝ የለመንኩት። ወጣ ገባውን ደምስሳ መስመሩን ቀጥ የምታደርግ ካርድ።»

«ለምን እትዬ?»

«እኔ ራሴ ሳንባዬ ደክሞ አርባ ሰከንድ አልሞላ ስላልኩ ነዋ፣ ልጄ። አስተማሪዋ አቃታት ከተባለ ማን ይሞክራል? ሌላው የሚችል መስሎኝ ነበር። የእኔን ብቻ ደብቅልኝ ነው ያልኩት።»

ውዳላት በቁጣ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ የራሷ አርባ ሰከንድ ትዝ ሲላት ዘጋችው። ቢተው ተጠራ። መስመሩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ከመካድ ይልቅ ግን ወዲያው ወደ ስሌቱ ሄደ፤ ኢንጂነር ነውና። ማንም አየር ካልቆጠበ ከሁለት ዓመት በፊት ታፍነው ማለቅ ነበረባቸው። የአየር ጋኖቹ ግን ሙሉ ናቸው። ሦስቱም ተያዩ። ከአየሩ ማነስ ይልቅ አለማነሱ አስፈራቸው።

የቀረው መንገድ አንድ ነው። ውዳላት ቆጣሪውን አንሥታ፣ ቢተውን አስከትላ፣ አየሩ ከየት እንደሚመጣ ልትፈልግ ወጣች። በማብሰያው፣ በፋብሪካው፣ በአትክልት ቤቱ ምንም እንግዳ ነገር የለም። ወደ መኝታ ክፍሎቹ መተላለፊያ ስትገባ ግን የኦክስጅኑ ቁጥር መውጣት ጀመረ። ሰው በሚተኛበት ቤት መለካት በአምባ ሦስት ነውር ስለሆነ በዚያ በኩል ቆጣሪ ተይዞ ታልፎ አያውቅም። ከመጀመሪያው በር ሥር ኦክስጅን ይፈስሳል። በሩ የቢተው ነበር።

እንዲከፍት ጠየቀችው። ቁልፉን እያወቀ በሌላ ኪሱ ፈለገ፣ ውስጡ ዝርክርክ ነው አለ፣ በመጨረሻ ከፈተው። አልጋው ሥር የማንበቢያ መብራት በርቷል። ከመብራቱ ሥር በአሮጌ ቆርቆሮ የተተከለች ንፋሴ አለች። ንፋሴ በቤተ ሙከራ የተዳቀለች ቅጠለ ሰፊ ተክል ናት፤ አንዷ ብቻዋን የአንድን ሰው የቀን አየር ሩቡን ታወጣለች። ውሃ ስለምትወድ ከአትክልት ቤቱ ውጭ መትከሏ የተከለከለ ነው። የከለከለው ራሱ ቢተው ነው።

«ከሃምሳ ሰከንድ አላልፍም» አለ ቢተው መሬት መሬት እያየ። «የሰውን አየር እየወሰድኩ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ከመታጠቢያ ውሃዬ ነው የማጠጣት።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ኢንጂነሩ ለምን እንዲህ እንደሚሸት የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ሲያማ ነበር። ውዳላት ግን አልሳቀችም። የእሷ ንፋሴ በመሣሪያ ክፍሉ ከባትሪዎቹ ጀርባ ናት፤ እሷም ፀጉሯን ከታጠበች ወር አልፏታል።

ቀጣዩ በር። ቀጣዩ። አልጋ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ፣ በተገለበጠ ወንበር ጀርባ። በቆርቆሮ፣ በጫማ፣ አንድ ቤት ውስጥ በጠፈር ልብስ ራስ ቁር። የተጠየቀ ሁሉ ደንግጦ አንድ ዓይነት ነገር ይመልሳል፤ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር ይላል። ውዳላት ራሷን ለማረጋጋት ወደ ራሷ ክፍል ስትደርስ እዚህ እንኳ ምንም የለም ብላ በሩን አለፈችው። ቆጣሪው በእጇ ላይ ጮኸ።

ከፈንታሁን የመፍቻ ሳጥን ጀርባ አገኘቻት። ትልቅ ናት፣ ግንዷ በክር ተደግፏል። ውዳላት አልጋው ላይ ዘፍ አለች። ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል። ፈንታሁን ተጠርቶ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«አንቺ አንድ ደቂቃ ተኩል ስትችዪ እያየሁ» አለ «እኔ ሠላሳ አልችልም ብዬ እንዴት ልንገርሽ?»

ውዳላት አለቀሰች። እሱም እሷ የምታለቅሰው በእሱ አፍራ መስሎት ይቅርታ ጠየቃት።

ከሰዓት በኋላ ውዳላት፣ ፈንታሁን፣ እትዬ ደብሪቱና ቢተው ተቀመጡ። ቢተው የሆነው ሁሉ ተደብቆ እንዲቀር ፈለገ። ምክንያቱ የራሱ ኀፍረት ብቻ አልነበረም።

«ይህን ሕዝብ ያኖረው ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ ነው» አለ። «ሁሉም እንደሚተነፍስ ካወቀ ማን ያፍራል? ካላፈረስ ማን ከመታጠቢያ ውሃው ይቀንሳል? ካርዷን መልሺያት ውዳላት። ፈቃዱን አሁን እፈርምልሻለሁ።»

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ውዳላት አየችው። አራት ዓመት የጠበቀችው ወረቀት ነው፤ ካርዷን ከመለሰች የእሷ ነው፣ ከተናገረች ግን ምናልባት ለዘላለም ይቀርባታል። የሚወለደው ልጅ በሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰዎች ጭንቀት ላይ ሊተነፍስ መሆኑን አሰበችና አንጀቷ እንቢ አላት። ፈንታሁንን አየችው፤ በእሺታ ራሱን ነቀነቀላት። ወረቀቱን ወደ ቢተው መልሳ ገፋችው።

እትዬ ደብሪቱ በአዳራሹ ቆመው ከራሳቸው ጀምረው ሁሉንም ተናገሩ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ አንዲት ሴት ሳግ ይዟት አለቀሰች፤ ሳቁና ልቅሶው ተቀላቀለ። ምክር ቤቱ የፈቃዱን ጉዳይ ለአሥር ቀን አቆየው። ሰው ሳያፍር ንፋሴውን ማጠጣቱን እንደሚቀጥል ወይም እንደማይቀጥል ቆጣሪው ይነግረናል ተባለ። በማግስቱ የጠዋቱ ዝምታ ቀረ፣ ዮጋው ግን አልቀረም። ሰው ምንጣፉን ይዞ መጣ፣ በግልጽ ተነፈሰ።

ደግሞም ታጠበ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አምባ ሦስት ሳሙና ሳሙና ሸተተ። ሰዉ ቀሎት በየመተላለፊያው ያፏጫል፣ የትርፍ አየሩ ቁጥር ግን ይወርዳል። በሁለተኛው ቀን ጥቂት ወረደ፣ በአራተኛው ሲሶው ጠፋ። ቢተው ውዳላትን ባገኛት ቁጥር ቆጣሪውን ብቻ አይቶ ያልፋል፤ ይህም ከወቀሳ በለጠባት። በአምስተኛው ቀን ፈንታሁን የሕፃኑን ነገር ማንሣት ተወ። ውዳላት ሰውን ጠላች። ፍርሃት ካልያዘው ደግ የማይሆን ፍጥረት እንደሆነ አመነች፣ በማመኗም አዘነች።

በሰባተኛው ቀን ቁጥሩ መውረዱን አቆመ። በዘጠነኛው ከድሮውም በላይ ወጣ። ውዳላት ቆጣሪው ተበላሸ ብላ ሁለት ጊዜ ፈታችው። ደህና ነበር። ይዛው በመተላለፊያው ሄደች። በቢተው በር ሥር ምንም የለም። በሚቀጥለውም ምንም የለም፤ አልጋ ሥር የነበሩት ንፋሴዎች ተነሥተዋል ማለት ነው። እየደነገጠች እስከ መጨረሻው ሄደች።

ከእሷና ከፈንታሁን ክፍል ጎን፣ ፈቃድ ቢገኝ ለልጁ የታሰበ ባዶ ክፍል አለ። ተስፋ መቁረጥ ከጀመሩ ወዲህ ሁለቱም ወደዚያ አይገቡም። ቁጥሩ እዚያ በር ላይ ከመለኪያው ወሰን አለፈ።

ከፈተችው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ንፋሴ ነው። በቆርቆሮ፣ በብርጭቆ፣ በጫማ፣ በራስ ቁር፤ መረገጫ የለም። አፈሩ ሁሉ እርጥብ ነው። የማን እንደሆነ የተጻፈበት አንድም የለም። ሰው እየተደበቀ ገብቶ፣ የጎረቤቱን ቆርቆሮ አይቶ፣ የራሱን አስቀምጦ፣ ለማንም ሳይናገር ወጥቷል። ውዳላት አየሩ ራሷን አዞራት። ሰው ጥፋቱን እንደሚደብቅ ታውቅ ነበር። ደግነቱን እንዲህ አጥብቆ እንደሚደብቅ ግን አላወቀችም ነበር።

ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ቢተው ነው። ካፖርቱ በደረቱ በኩል ተወጥሯል፣ ከአንገትጌው ሥር አንድ ሰፊ ቅጠል ብቅ ብሏል። በሩን ሞልታ ስለቆመች ውስጡን አላየም። እንደ ተያዘ ሰው ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለማንም እንዳትነግሪብኝ አደራ» አለ። «ነገ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ አዳላ ይሉኛል።»

ውዳላት ከበሩ ገለል አለችለት።