ከበሩ ኋላ ያልነበረው ደረጃ

የሞተ ሰው አልጋ ሸጬ አውቃለሁ፣ ገዢ እስኪመጣም ራሴ ተኝቼበታለሁ፣ መንፈስ ምናምን የሚሉትን ሥራ የፈታ ሰው ወሬ ነው ብዬ የኖርኩ ነኝ፤ ይህን የምነግርህ እንደ አባቴ ለማያቸው ለጋሼ ወርቁ ስለፈራሁላቸው ብቻ ነው።

የነዳጅ ዋጋ ሽቅብ በወጣበት ጊዜ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሀብታም ሁሉ ደህና ቤቱን አፍርሶ የሚበልጥ ይሠራ ነበር፣ እኔም ከሚፈርሰው የሚሸጠውን እየነቀልኩ ኢንተርናሽናል አቬኑ የሚባለው መንገድ ላይ ወዳለው ሱቄ አመጣለሁ። አንዱ የነዳጅ ከበርቴ ቤት ሳሎኑ በሙሉ እንግሊዝ አገር ካለ የባላባት የገጠር ቤት ተነቅሎ በመርከብ የመጣ ነው፤ የኦክ እንጨት ግድግዳው፣ የድንጋይ ምድጃው፣ አሽከር የሚጠራበት የደወል ሰሌዳ ሳይቀር። ግድግዳው ላይ ካልነገሩህ የማታየው በር አለ፣ እዚያ አገር አሽከሮቹ ለጌቶቹ ዓይን እንዳይታዩ በሱ ገብተው በጠባብ ደረጃ ይወጡ ነበር አሉ፣ እዚህ ግን ለጌጥ የተለጠፈ ነው፣ ልንነቅለው በሄድንበት ቀን ጠዋት ራሴ ከፍቼዋለሁ፣ ከኋላው ድራይዎል የሚሉት የጂፕሰም ግድግዳ ብቻ።

አናጢዬ ጋሼ ወርቁ በልጅነታቸው ደጃዝማች ቤት አሽከር ነበሩ። እኩለ ቀን ላይ፣ እመነኝ፣ ከሰሌዳው ሽቦው የተቆረጠ ደወል ጮኸ። ጋሼ መዶሻቸውን አስቀምጠው "አቤት" አሉና በዚያ በር ገቡ።

ደረጃ ሲወጡ ሰማሁ፣ አሥራ አራት ቆጠርኩ። ሮጬ ብከፍተው ድራይዎሉ እንዳለ ነው። በሩን ዘግቼ ለፖሊስ ምን ብዬ ልናገር ስል እርምጃው ወረደ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጋሼ መዳፋቸው ከሰል መስሎ ወጡ።

"የት ነበሩ ጋሼ?"

"እሜቴ እሳቱ ጠፋብኝ ቢሉኝ አንድጄ መጣሁ።"

"በምን ቋንቋ?"

"ባማርኛ ነዋ፣ እኔ ሌላ ምን እችላለሁ?"

"ሁለተኛ ሲጠሩዎት አቤት እንዳይሉ።"

"አቤት አስቤ የምለው ነገር መሰለህ እንዴ ልጄ?"

የግድግዳውን እንጨት ከነበሩ ሸጥኩት። የደወል ሰሌዳውን ላቃጥለው አሰብኩና እሳት የሚባለው ነገር አስፈራኝ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሱቁ ጓዳ ወረወርኩት። ባለፈው ቅዳሜ ከነብርድ ልብሱ ጮኸ። አቤት እንዳልል አፌን በእጄ ያዝኩ። ወዲያው ጋሼ ፓይንሪጅ ሰፈር ካለው ቤታቸው ደወሉልኝ።

"ጠርተኸኛል?"

"አልጠራሁም። እባክዎ እንዳይመልሱ።"

"አቤት ብያለሁ እኮ" አሉኝ።

ከዚያ በስልኩ ውስጥ ደረጃ ሲወጡ እሰማለሁ፣ የጋሼ ቤት ደግሞ ደረጃ የለውም። ቆጠርኩ፣ አሥራ አራት ላይ አልቆሙም፣ ስልኩ እስኪቋረጥ ይወጣሉ። ሰኞ ሥራ ገብተዋል፣ ደህና ነኝ ይላሉ፤ ከዚያ ደረጃ ሲወርዱ ግን አልሰማሁም።