ዝም ያለው ላፕቶፕ

ልብስ ሰፊዋ ላፕቶፑን ማጥፋት ትፈራለች። ሲግልባት ታራግብለታለች እንጂ ማጥፊያውን በጣቷ አትነካም።

የእናቷ ልብ ደካማ ነው። ጣታቸው ላይ የተሰካው የልብ ትርታ መለኪያ የሚያነበው ሁሉ በገመድ ግድግዳውን አልፎ ስፌት ክፍል ያለው ላፕቶፕ ላይ ይደርሳል፤ ትርታቸው ሲወርድ ላፕቶፑ የስፌት መኪናውን ድምፅ በሚያሸንፍ ጩኸት ይጠራታል። ይህን የሠራላት ሰፈርተኛው ከቅጥነቱ የተነሣ «ሽቦ» የሚለው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላም በሰበብ አስባቡ ይመላለስ ነበር፤ እሷም ያልተበላሸውን ተበላሸ እያለች ትጠራው ነበር። እናትየዋ አይተው እንዳላዩ ያልፏቸው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ በራሱ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ። እሷ ስፌቷን ቀጠለች፤ ጩኸት ስላልሰማች ደህና ናቸው ብላ። ውሃ ልትሰጣቸው ስትገባ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ እጃቸው አንሶላውን ጨምድዶ አገኘቻቸው። ሐኪም ቤት ደርሰው ለጥቂት ተረፉ።

ሽቦ ሮጦ ሲመጣ በሩ ላይ አቆመችው።

«አንተን ነበር ያመንኩት» አለችውና ዘጋችበት።

ከዚያ ወዲህ ዝምታ ጠላቷ ሆነ። አንድ እጅጌ ሳትጨርስ መኪናውን አቁማ ታዳምጣለች፤ ሄዳ ትንፋሻቸውን ታያለች። በመጨረሻ እናትየዋ መረራቸው።

«እኔን የሚያስፈራኝ ሞቱ አይደለም፤ አንቺ እዚህ በር ላይ ቆመሽ ማርጀትሽ ነው። ልጁን ጥሪው።»

ሽቦ ዓይኗን ሳያይ ገባ። ላፕቶፑ ላይ ገመድ የሚቀበሉ ሁለት የኔትወርክ ካርዶች እንደተሰኩ ነገራት፤ አንዱ የእናቷ መለኪያ፣ ሌላው የኢንተርኔት። ላፕቶፑን የሚያሠራው ሊኑክስ ስም ያወጣላቸው የነበረው በአነሣሣቸው ቅደም ተከተል ነው። ያን ቀን የኢንተርኔቱ ቀድሞ ተነሥቶ የእናቷን ካርድ ስም ወሰደ፤ ፕሮግራሙም የማይመለከተውን ገመድ ሲያዳምጥ ዋለ። ይህን አስቀድሞ ማሰብ እንደነበረበት ሳይሸሽግ ተናገረ።

አሁን ስሙን ከአነሣሥ ተራ አላቅቆ፣ ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ቁጥር ጋር አሰረው። ስሙንም እናትየዋን በሚጠራበት «እማማ» አለው። ከመለኪያው ወሬ ከጠፋም ላፕቶፑ እንዲጮህ አደረገ።

«አጥፍተን ካላስነሣነው ግን እርግጠኛ አንሆንም» አለ።

ጣቷን ማጥፊያው ላይ አድርጋ መጫን አቃታት። ቀና ስትል እሱም ዓይኑን ጨፍኖ አየችው። እሱም እንደሷ እንደሚፈራ እስከዚያች ሰዓት አልታሰባትም ነበር። እጁን ያዘችውና ተጫነች።

ስክሪኑ ጨለመ። ሲበራ «እማማ» በቦታው ነበር። አላመነችም። ካርዶቹን ነቅለው፣ መሰኪያቸውን አቀያይረው እንደገና አጥፍተው አስነሡት። አሁንም ስሙ ከካርዱ አልተለየም።

ድንገት ላፕቶፑ ጮኸ።

እየተደነቃቀፈች ሮጠች። እናትየዋ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው መለኪያውን ከጣታቸው አውልቀው ይዘውታል።

«ይሰማ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አሉ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሽቦ ደጃፉን ማለፍ ፈርቶ እዚያው ቀረ።

«ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ» አሉት እናትየዋ።

ልብስ ሰፊዋ እንባዋን ሳትጠርግ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።